ድንጋዩ ከመነሣቱ በፊት ይመዝገብ

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
ለደቡብ ጎንደር ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
ግልባጭ፦ ለደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ፤ ለደቡብ ጎንደር ሀገረ ስብከት

ጉዳዩ፦ በጦርነት የተጎዱ የድንጋይ ቅርሶችን ከጥገና በፊት መመዝገብን ይመለከታል

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

በዚህ ደብዳቤ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በደቡብ ጎንደር ደጋ ጦርነት የነካው ጥንታዊ ግንብ፣ ድልድይ ወይም ቤተ ክርስቲያን ጥገና ሲታሰብለት፣ የመጀመሪያው ብር ለሲሚንቶ ሳይሆን ለልኬት፣ ለፎቶግራፍና ለመዝገብ ይዋል። የወደቀ ድንጋይ በወደቀበት ሳይለካና ፎቶ ሳይነሣ ከቦታው አይንቀሳቀስ። ይህን በመመሪያ ጽፋችሁ እስከ ወረዳና ቀበሌ አውርዱልን።

ሰው ባለቀበት አገር ስለ ድንጋይ ማውራት ይከብዳል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ በተያዘችባቸው ቀናት በሴቶች ላይ የደረሰውን ግፍ፣ በዚያው ወር ደብረ ታቦር ላይ የወደቀው ከባድ መሣሪያ የቀጠፈውን ሕይወት የረሳ የዚህ አገር ሰው የለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። ቅድሚያ ለሰው ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ቢሆንም ተኩሱ ጋብ ባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ፍርስራሽ መጥረግ ነው። ምእመናኑ ተጠራርተው ይወጣሉ፣ ድንጋዩን ለቅመው ወደ አጥሩ ጥግ ይከምራሉ፣ የቀረው ለአጥር ወይም ለደረጃ ይውላል። ሁሉም በቅን ልብ ነው። ያ ግንብ እንዴት ተሠርቶ እንደ ነበር፣ ምን እንደ መታውና እንዴት ሊመለስ እንደሚችል የሚነግረን ማስረጃም የሚጠፋው በዚያችው ቀን ነው።

ይህ ደጋ ጦርነት ያላረፈበት ምድር ነው። በ1834 ዓ.ም. ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤ የተዋጉት እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ወደ መቅደላ ሲነሡ ከተማዋን አቃጥለው ሄዱ። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. በአንቺም ራስ ጉግሣ ወሌ ሲወድቁ በሰማይ ላይ አውሮፕላን ነበር። በሰኔ 1933 ዓ.ም. ደግሞ ደብረ ታቦር ላይ መሽጎ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን ሰጠ። ዛሬ አንድ የተሸረፈ ግንብ ፊት ቆመን ይህ ቁስል የየትኛው ዘመን ነው ብንል፣ እጃችን ላይ የሚገኘው በአብዛኛው የሽማግሌ ትውስታና የመንገደኛ ማስታወሻ ነው። ሽማግሌዎቹም እያለፉ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ሰባራ ድልድይን ነው። ከሞጣ በኩል ወርደው ዓባይን ወደ እኛ ዞን የሚሻገሩ ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ ጎጃምን ከበጌምድር ለማገናኘት በጥርብ ድንጋይና በኖራ የተገነባ ነው። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ካለው ከዓላታ ድልድይ ጋር ሲነጻጸር የከፋ ዕጣ የገጠመው እሱ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች የጠላትን መንገድ ለመዝጋት ሲሉ መሐሉን አፈረሱት። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ገበያተኛው፣ ሕመምተኛውና ተማሪው ከአንዱ የድልድይ ጫፍ ወደ ሌላው በገመድ እየተሳበ ተሻገረ። አንድ ሰው ገመዱን ወገቡ ላይ ያስራል፣ ወዲያና ወዲህ የቆሙት ጎረምሶች ይጎትታሉ፣ ሥሩ ዓባይ ነው። ይህን ትዕይንት የሚያሳይ ፎቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ማብቂያ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ያንን ያየ ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ሥራ ተቋራጭ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ በ2002 የተሰበረው ቦታ ላይ የብረት መሻገሪያ ተዘረጋ። በ2005 ጎርፍ ያንን ጠርጎ ወሰደው። በ2009 ሌላ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ፤ ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ያን ብረት ለዘረጉት ሰዎችም፣ ለተሸከሙላቸው ገበሬዎችም ምስጋና ይገባል፤ ሰው ተሻግሯልና። እኔ የምጠይቀው ስለ ድንጋዩ ነው። ቆሞ የቀረው ቅስትና ምሰሶ በልኬት ተነሥቶ፣ እያንዳንዱ ረድፍ ተቆጥሮ፣ የስብራቱ ጠርዝ በቅርብ ፎቶ ተይዞ፣ ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ ለሕዝብ ተቀምጧል? ከተቀመጠ አውጡትና አሳዩን፤ ለትምህርት ቤቶቻችንም ይድረስ። ካልተቀመጠ ግን ዓባይ በየክረምቱ ድርሻውን እየወሰደ ነው። ከወረራው በፊት የዓባይን ዳር ተከትሎ የተጓዘው የእንግሊዝ ቆንስል ቺስማን በ1936 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል፤ የእሱና የሌሎች መንገደኞች ጽሑፍና ሥዕል ተሰብስቦ ከዛሬው ልኬት ጋር ቢተያይ ድልድዩ ሙሉ በነበረበት ጊዜ ምን ይመስል እንደ ነበር ብዙ ይነግረናል።

መሐሉ በድንጋይ መልሶ ይገንባ የሚሉ ወገኖች አሉ። እኔ አልስማማም። ያ ስብራት ራሱ የአርበኞች እጅ ሥራ ነው፤ በጌምድርና ጎጃም ወራሪውን ለማስቆም የገዛ ድልድያቸውን የሠዉበት ምልክት። መሻገሪያ ደግሞ አለ። ስለዚህ የቀረው እንዳይወድቅ ይደገፍ፣ ስብራቱ እንደ ተሰበረ ይጠበቅ። ነገ የሚመጣ ትውልድ በሌላ መንገድ ሊወስን ይችላል፤ እንዲወስን ግን ልኩ በእጁ ሊኖር ይገባል።

ልኬት ምን ዋጋ እንዳለው የቦስኒያዋ ሞስታር አይታዋለች። በ1566 እ.ኤ.አ. የተሠራው የኔሬትቫ ወንዝ ድልድይ በ1993 በመድፍ ተመትቶ ወንዝ ውስጥ ገባ። ጠላቂዎች ድንጋዮቹን ከውሃ አወጡ፤ ብዙዎቹ ግን ለአዲሱ ቅስት የሚበቁ አልነበሩም። ሠሪዎቹ ከዚያው አካባቢ ካባ ተመሳሳይ ድንጋይ አስቆፍረው በ2004 ድልድዩን ሲመልሱ መመሪያ የሆናቸው ከመፍረሱ በፊት የተወሰደው ልኬትና ፎቶ ነው። ዋርሶም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሮጌ ከተማዋን የመለሰችው የጥንት ሥዕሎችንና የሥነ ሕንጻ ተማሪዎች የነደፏቸውን ንድፎች ይዛ ነው። እኛ በስንት ግንባችን ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለን?

አሁን ወደ ሲሚንቶው ልምጣ፤ እንቅልፍ የሚነሣኝ እሱ ነው። ኖራ በሱስንዮስ ዘመን ከታወቀ ወዲህ የጎንደር ግንቦችና ድልድዮች የተያያዙት በእሱ ነው። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቃጠላል፣ በውሃ ይበርዳል፣ ከአሸዋ ጋር ይቦካል፤ ከዚያ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ በወራትና በዓመታት ይጠነክራል። ሲደርቅም ከድንጋዩ የለሰለሰ ስለሆነ ግንቡ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ የገባውን እርጥበት መልሶ ያስወጣል። የጥንቱን መጋጠሚያ በጥፍር ብትፍቁት ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ብዙ ሰው ይህን አይቶ አርጅቷል ይላል፣ ግን ገና ሥራውን እየሠራ ሊሆን ይችላል። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ነው። ፊቱን ይዘጋል፣ የክረምቱ ውሃ ከላይ ገብቶ መውጫ ያጣል፣ በሁለቱ የጥርብ ፊቶች መካከል የተሞላውን ጠጠርና ኖራ እያጠበ ወደ ታች ያወርደዋል። ጥቂት ክረምቶች ካለፉ በኋላ ግንቡ ሆዱን ይነፋል፤ ያን ጊዜ ቱንቢ ብትጥሉበት ክሩ ከግንቡ ይርቃል። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን በተኛንበት ይናዳል።

ይህ የእኔ ፍርሃት ብቻ አይደለም። በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጎንደር ፋሲል ግቢ ምስክር ነው። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ከተማዋን ዘረፈ፣ ኋላም ግቢው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ የአየር ድብደባ ተጎዳ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ያደረጉት ጥገና የማይስማማ ሆኖ ተገኘ፤ ኋላ ባለሙያዎች በየቦታው ያንን እያነሡ በኖራ መተካት ነበረባቸው። አንድ ጊዜ ለተሳሳተ ሥራ፣ ሌላ ጊዜ እሱን ለማፍረስ፣ ሦስተኛ ጊዜ እንደገና ለመሥራት ተከፈለ ማለት ነው። ኖራው ደግሞ ማስረጃም ነው። ከዞናችን ድንበር አጠገብ፣ እንፍራንዝ ላይ ያለው የጉዛራ ግንብ በዐፄ ሠርጸ ድንግል ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል፤ ወደ ኋለኛው ዘመን የሚያመጡት ተመራማሪዎችም አሉ። እንዲህ ያለው ክርክር የሚፈታው ድንጋዮቹን ያያያዘውን ነገር መርምሮ ነው። የጥንቱ መጋጠሚያ ተፍቆ በሲሚንቶ ከተሞላ ጥያቄው ለዘላለም ተዘጋ።

የሚመዘገበው የፈረሰው ብቻ አይምሰላችሁ። ጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም፣ የድጓ ምስክር ጉባኤ የሚያዝባት፣ ከውጭ ለሚያያት እንደ ብዙዎቹ የአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ክብ ናት። ውስጧ ግን ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ የተነባበሩበት፣ በአክሱም አሠራር የታነፀ፣ ባለ አራት ማዕዘን የጥንት ቤተ ክርስቲያን አለ። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከናም በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከጻፈላት በኋላ በውጭ ታወቀች፤ ካህናቱና ደቀ መዛሙርቱ ግን ሁልጊዜም ያውቋት ነበር። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ጋይንትን ሲያቋርጥ በልቤ የነበረችው እሷ ናት። አንድ ከባድ መሣሪያ ቢያርፍባትና ልኳ በእጃችን ባይኖር፣ አሳቢ ምእመናን ገንዘብ አዋጥተው የሚሠሩት ክብ ቤተ ክርስቲያን ነበር። በቅንነት ተሠርቶ፣ ተመርቆ፣ የውስጧ ምሥጢር ግን ላይመለስ። ስለዚህ ያልተጎዳውም ዛሬውኑ ይለካ። የአበው ቃል ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ለዚህ ነው።

ልኬቱ እንዴት ይደረግ ለሚለው፣ ውድ ዕቃ አያሻም። ሃምሳ ሜትር የሚደርስ ሜትር፣ ቱንቢ፣ ውሃ ልክ፣ ቾክና ካሜራው ደኅና የሆነ ስልክ ይበቃል። ግንቡን ከአንድ ጫፍ እየተራመዱ፣ እያንዳንዱ ፎቶ የቀደመውን ከግማሽ በላይ እየደገመ፣ ከአራቱም አቅጣጫ ማንሣት፤ ሁልጊዜ ልክ የሚያሳይ ዘንግ ፎቶው ውስጥ ማቆም። እንዲህ የተነሡ ፎቶዎች ተሰብስበው በኮምፒውተር የግንቡን ሙሉ ቅርጽ ያወጣሉ፤ የዩኒቨርሲቲው ወጣቶች ይህን ለመሥራት አያቅታቸውም። የወደቁትን ድንጋዮች በቾክ ቁጥር ጽፎ፣ ከግንቡ ያላቸውን ርቀት መዝግቦ፣ ከዚያ ብቻ ማንሣት። ቀለም ግን አይነካቸው። ከግንቡ የበቀለ ሾላ ወይም ዋርካ ካለ ሥሩን መንቀል ግንቡን መናድ ነውና ከላይ ተቆርጦ ይተው።

ድሮን ግን አታምጡብን። በሌላ አገር ለዚህ ሥራ የሚመረጠው እሱ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ እዚህ ግን ከሰማይ የሚመጣ ያ ድምፅ ሕፃን ያስለቅሳል፣ ገበያ ይበትናል። ከረጅም የባሕር ዛፍ አጣና ጫፍ ላይ የታሰረ ስልክ ከላይ ሆኖ የሚያየውን ያህል ያያል። ፎቶ የሚያነሣው ሰውም በየትኛውም ወገን በሰላይነት እንዳይጠረጠር ከወረዳው የተጻፈ ደብዳቤ በኪሱ ይኑር፣ የአካባቢው ሽማግሌና ካህን አብረውት ይቁሙ፣ ወታደርና ታጣቂ ፎቶው ውስጥ አይግባ። ግጭት ወዳለበት ቦታ ማንም አይላክ። ያልፈነዳ ነገር ከታየ ሥራው እዚያው ይቁም። ወደ መቅደስ አይገባም፤ ንዋያተ ቅድሳቱ የት እንደሚቀመጡ የሚያሳይ ፎቶም ከደብሩ ውጭ አይውጣ፣ ጦርነት ካለፈ በኋላ የሚመጣው ሌባ ነውና።

ቅጹ ማን መታው ብሎ አይጠይቅ። ምን እንደ ሆነ፣ መቼ፣ ቀዳዳው ወደ የት እንደሚመለከት፣ ፍንጣሪው የት እንደ ተገኘ ይጻፍበት። ፍርዱ የሌላ ሰው ሥራ ነው። የድንጋይ ጉዳት ዳኛ ፊት የሚቀርብበት ቀን ሊመጣ ይችላል፤ መጥቶም ያውቃል። በ1992 ዓ.ም. በኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ጊዜ የተጎዳው በኤርትራ ያለው የመጠራ ጥንታዊ ሐውልት ለሁለቱ አገሮች የካሳ ኮሚሽን ቀርቦ፣ ኮሚሽኑ በ1996 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ለጉዳቱ ተጠያቂ አድርጓል። ይህን ማንሣት ለእኛ ደስ አይልም። ግን ከማንኛውም ወገን እጅ የሚደርስ ጉዳት እኩል መመዝገብ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረን የለም።

ጉዳት ከደረሰ በኋላ በመጀመሪያው ወር የሚያስፈልገው ጥገና አይደለም፤ ማስታመም ነው። የተከፈተ ጣራ ላይ ሸራ ይዘርጋ፣ የተናጋ ግንብ በባሕር ዛፍ ግንድ ይደገፍ፣ ከሥሩ የሚቆመው ውሃ በቦይ ይውጣ። ይህን ለማድረግ ሰኔ እስኪገባ መጠበቅ አይገባም። የደብረ ታቦር ክረምት ከጉና የሚወርድ ነው፤ ያልተሸፈነ የግንብ አናት አንድ ዝናብ ከጠጣ ተኩሱ ያልጨረሰውን ይጨርሰዋል።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዳይጠገን ይደነግጋል። ያ ፈቃድ ሲጠየቅ የልኬትና የፎቶ መዝገብ አብሮ ካልተያያዘ እንዳይሰጥ አድርጉ። የ1964 እ.ኤ.አ. የቬኒስ ቻርተርም የሚለው ይህንኑ ነው፦ ጥገና ግምት ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ይቆማል፤ የተሠራው ሁሉ በጽሑፍና በሥዕል ተይዞ ተመራማሪ ሊያገኘው በሚችልበት መዝገብ ቤት ይቀመጣል። በእኛ አገር አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው። አዲስ አበባ ሄዶ የቀረ ሪፖርት ለደብሩ ቄስም ለወረዳው ባለሙያም የለም ማለት ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ መዝገብ አንድ ቅጂ በደብሩ ዕቃ ቤት፣ አንድ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ በባለሥልጣኑ ይቀመጥ፤ በወረቀትም በሃርድ ዲስክም።

ለግንበኞቹም አስቡ። በኖራ መሥራት የሚያውቅ ግንበኛ እየተመናመነ ነው። ቲምቡክቱ ውስጥ በ2012 እ.ኤ.አ. የፈረሱትን የቅዱሳን መቃብሮች በ2015 መልሰው ያቆሙት የዚያው ከተማ ግንበኞች ናቸው፤ ጭቃውን የሚያውቁት እነሱ ስለሆኑ። እዚህም ጎንደር ላይ በጥገና እጃቸው የተፈታ ባለሙያዎች ወደ ደብረ ታቦር መጥተው ጥቂት ወጣቶችን ኖራ ማብረድና ድንጋይ መጥረብ ቢያስተምሩ፣ የኮንክሪት ተቋራጭ ከሩቅ ከመጥራት ይረክሳል፤ ሥራውም ይቆያል።

የት ይጀመር ብትሉኝ፣ ለእግር ቅርብ የሆነው ጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ያ ኮረብታ ከከተማው አጠገብ ነው፤ የምድጃዎቹ ቅሪት በማረሻና በግንባታ እየተነካ ሳይሄድ ቢለካ፣ ተማሪዎቹ እጃቸውን የሚያፍታቱበት ይሆናል። ከዚያ ፀጥታው በፈቀደ ጊዜ፣ በጥርና በየካቲት ዓባይ ሲጎድል፣ ወደ ሰባራ ድልድይ ይወረድ። በዚያ ወቅት የምሰሶዎቹ እግር ከውሃው በላይ ሊታይ ይችላል። ለዚህ የሚሆን ትንሽ በጀት በመጪው ዓመት ዕቅድ ውስጥ እንዲገባና ውሳኔያችሁ ለደብረ ታቦር ከተማ ነዋሪዎች በጽሑፍ እንዲገለጽ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የደብረ ታቦር ነዋሪ